ሠላሳ ስምንት ያደረበት አልጋ

በሁለት ሺህ ዘጠና ሁለት ዓመተ ምሕረት ደሴ ላይ «እንዴት አደሩ?» ተብሎ የተጠየቀ ሰው ቁጥር ይመልሳል። «ሁለት፣ እግዚአብሔር ይመስገን።» «አራት ነጥብ አንድ፣ አልሐምዱሊላህ፤ እርስዎስ?» ቁጥሩ ሰውዬው በተኛበት በአንድ ሰዓት ውስጥ ትንፋሹ ስንት ጊዜ እንደተቋረጠ ይናገራል። ከየፍራሹ ሥር የተነጠፈው ሉህ በዓመት አንድ ሌሊት ይነቃና ይቆጥራል፤ ያ ቁጥር እስከሚቀጥለው ዓመት የሰውዬው መልስ ሆኖ ይከርማል። ከአምስት በታች ያገኘ ሰው በረንዳው ላይ ቆሞ ጮክ ብሎ ይመልሳል። ከአሥራ አምስት በላይ ያገኘ ግን ሰላምታ ሲመጣበት ጫማውን ሊያስር ጎንበስ ይላል። በዚህ የተነሣ ደሴ ውስጥ ክር የሌለው ጫማ ገዢ ካጣ ብዙ ዓመት ሆኖታል።

ይመር አራጌ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ «ሁለት» ነበር። ሥራው ገመዱን መንዳት ነው። ገመዱ የሚባለው ከፒያሳ ተነሥቶ ጦሳ ተራራ ራስ ላይ ወደ ወጡት አዳዲስ ሰፈሮች ሰው የሚያደርሰው፣ በብረት ገመድ የተንጠለጠለው ክፍል ነው። አርባ ሰው ይጭናል። የሰው ነፍስ በእጁ የሚገባ ሁሉ የንቃት ወረቀት ያስፈልገዋል፤ ሾፌርም፣ አዋላጅም፣ መቀስ የሚይዝ ልብስ ሰፊና ፀጉር አስተካካይም። ወረቀቱ ደግሞ የሚገኘው በቁጥሩ ነው። ስለዚህ ይመር ቁጥሩን እንደ አባቱ ስም ይወደዋል ቢባል ማጋነን አይሆንም።

አንድ ዓርብ ማለዳ ይመር አርባ ተሳፋሪ ከኋላው ተሰልፎ እንደተለመደው የገመዱ በር ፊት ቆመ።

«እንዴት አደሩ፣ አቶ ይመር?» አለው በሩ፤ በሩ ትሑት ነው።

«ሁለት፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ብሎ እግሩን አነሣ።

በሩ አልተከፈተም። «ማክሰኞ ሌሊት ሉህዎ ነቅቶ ነበር፤ ሠላሳ ስምንት ተመዝግቧል» አለ። «መልካም ቀን ይሁንልዎ።»

ይመር ወደ ኋላ ዞር ሲል የሚያየው ፊት አጣ። አርባውም ተሳፋሪ፣ ከይሉኝታ የተነሣ፣ ጫማውን ሊያስር ጎንበስ ብሏል።

የእንቅልፍ ጽሕፈት ቤቱ ከፒያሳ ብዙ አይርቅም። እዚያ የምትሠራው ሲስተር ሐያት አምሳውን የተሻገረች፣ ለበሽታም ለሰውም የማታጎበድድ ሴት ናት። ውጤቱን ግድግዳው ላይ አውጥታ በእስክሪብቶዋ እየነካካች ታስረዳው ጀመር።

«ይኸውልዎት፣ ትንፋሽ አሥር ሰከንድና ከዚያ በላይ ሲቋረጥ ወይም በጣም ሲቀጥን አንድ ብለን እንቆጥራለን። በሰዓት ከአምስት በታች የማንም ሰው ነው። እስከ አሥራ አምስት ቀላል፣ እስከ ሠላሳ መካከለኛ፣ ከዚያ በላይ ከባድ። እርስዎ ሠላሳ ስምንት ነዎት። ይኼ መስመር ደግሞ የደም ኦክስጅን ነው፤ ከዘጠና በታች ሲወርድ አንወድም። የርስዎ ሰባ ስድስት ገብቷል።»

«ሰባ ስድስት ጥሩ አይደለም እንዴ?» አለ ይመር፣ የትምህርት ቤቱ ጊዜ ትዝ ብሎት።

«ለሒሳብ ፈተና ጥሩ ነው» አለችው። «ረጅሙ መቋረጥ አንድ ደቂቃ ከአራት ሰከንድ ፈጅቷል። ደረትዎ ሊተነፍስ ይታገላል፣ ጉሮሮዎ ግን ተዘግቷል። ያን ሁሉ ሌሊት የሚሸከመው ልብ ነው። አንድ ቀን አልሸከምም ያለ ዕለት ሰው ተኝቶ ይቀራል።» ከዚያ ጥያቄ አዥጎደጎደች። «ቀን ቀን እንቅልፍ ይጥልዎታል?»

«አይ።»

«ጠዋት ራስዎን ያምዎታል? ሌሊት ለሽንት ደጋግመው ይነሣሉ?»

«ኧረ በጭራሽ።»

«ሁሉም እንደዚህ ነው የሚል» አለችና አንገቱን አየችው። ይመር አንገቱም ፊቱም እንደ ሸምበቆ የቀጠነ ሰው ነው። «እንዲህ ዓይነት አንገት ይዞ ሠላሳ ስምንት የሆነ ሰው ግን አይቼ አላውቅም። ማክሰኞ ምን ሆነው ነበር?»

ማክሰኞ። ይመር ያን ጊዜ ነው የነቃው።

ማክሰኞ ዕለት አቶ አበጋዝ ከኮምቦልቻ መጥተው ነበር። አቶ አበጋዝ ልብስ ሰፊ ናቸው፤ ልጃቸው ናሁሠናይ የይመርን ልጅ ብርቄን ሊያገባ ስድስት ሳምንት ቀርቶታል። የሰርጉን ነገር ተነጋግረው ሲጨርሱ ወደ ኮምቦልቻ በሚወስደው መንገድ ላይ የሐረጎ ተራራ ጉም ወረደ። የዛሬ መኪና ጉም ሲያይ ራሱ ይቆማል፤ የሚለምነውም የሚከራከረውም የለም። እንግዳው ማደራቸው ሆነ። ይመር ቤት አልጋ ተብሎ የሚጠራ አንድ አልጋ ነው ያለው፣ አማችን ደግሞ መሬት የሚያስተኛ ወሎዬ ገና አልተወለደም። የይመር ሚስት ተዋበች አዲስ አንሶላ አነጠፈች፣ የታጠበ ጋቢ ደረበች፤ ባልና ሚስት ሳሎን ወለል ላይ ፍራሽ ጥለው ተኙ። ከጽሕፈት ቤቱ «ዛሬ ሌሊት ሉህዎ ይነቃል» የሚል መልእክት ስልኩ ላይ መጥቶ ነበር፤ ይመር ግን ለእንግዳው ክብር ሲል ስልኩን ከቀኑ ጀምሮ ዘግቶት ነበር።

«ወይ ጉድ!» አለ ጮክ ብሎ።

«ይኼንንም ሁሉም ይለዋል» አለች ሲስተር ሐያት።

የኔ አይደለም ሊል አፉን ከፈተ፤ መልሶ ዘጋው። ከአሥራ አምስት የዘለለ ቀይ ቁጥር ያለበት ሰው ስሙ በየከተማው አደባባይ ይለጠፋል፤ የኮምቦልቻው አደባባይ ደግሞ ከአቶ አበጋዝ ሱቅ ፊት ለፊት ነው። መቀሳቸውን ይነጠቃሉ። ዱሮ ለጋብቻ ዘር እስከ ሰባት ቤት ይቆጥሩ የነበሩ ሽማግሌዎች ዛሬ የሙሽራውን ወገን የሰባት ቤት ትንፋሽም ይቆጥራሉ፤ በሃያ ሁለት የፈረሰ ሰርግ ይመር ራሱ ያውቃል። ይኼ ሁሉ ይቅር እንኳ ቢባል፣ እንግዳውን በገዛ አልጋው አስተኝቶ ሲያበቃ ጉሮሮውን ቆጥሮ ለመንግሥት የሚናገር ሰው ምን ሰው ይባላል?

«እሺ፣ የኔ ነው» አለ። የአብዬን ወደ እምዬ ይሉት ነገር ይኼ ነው፤ እዚህ ላይ ግን እምዬ ወዳ ነው የተቀበለችው።

ደረጃውን ሲወርድ አንድ ነገር አብሮት ወረደ። ሲስተር ሐያት ተኝቶ ይቀራል ያለችው ሰው እሱ አይደለም፣ አቶ አበጋዝ ናቸው። ቢናገር አማቹን ያዋርዳል። ዝም ቢል ደግሞ አንድ ጠዋት ላይነሡ ነው። ይመር ከዚህ በላይ የሚያስጨንቅ ነገር ገመድ ላይ እንኳ ገጥሞት አያውቅም።

ተዋበች ነገሩን ስትሰማ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«ሰምቼ ነበር እኮ!» አለች። «ክዳኑ እንደሚንጫጫ ማንቆርቆሪያ ይሆኑና ድንገት ጭጭ ይላሉ። ቆየት ብለው ደግሞ 'ህእእ' ይላሉ። ጸሎት የሚያደርሱ መስሎኝ፣ እንዲህ ሌሊቱን ሙሉ የሚጸልይ ሰው ቤት ነው ልጄ የምትገባው ብዬ ደስ ብሎኝ ተኛሁ።»

በቀጣዩ ማክሰኞ መሣሪያው መጣ። የዳቦ መጠን ያለው ሣጥን፣ ረጅም ቱቦ፣ አየሩ ጉሮሮ እንዳያደርቅ የሚያረጥበው ትንሽ የውሃ ማጠራቀሚያና ጭምብሉ። ሲስተር ሐያት ራሷ ይዛው መጥታ አንድ በአንድ አሳየችው። ማጠራቀሚያው ውስጥ የተጣራ ውሃ ማታ ይሞላል፣ ጠዋት ይደፋል። ጭምብሉ በየቀኑ ለብ ባለ ውሃና በሳሙና ይታጠባል። የሚነፋው ኦክስጅን ሳይሆን ይኸው የምንተነፍሰው ተራ አየር ነው፤ ሥራው ጉሮሮ እንዳይከደን ደግፎ መያዝ ብቻ ነው። በቀስታ ይጀምርና የሚያስፈልገውን ያህል ራሱ እየጨመረ ይሄዳል።

ጭምብሉ ግን ለይመር አልሆነውም። የዘመኑ ትራስ የተኛበትን ሰው የፊት ልክ ይወስዳል፣ ጭምብሉም በዚያው ልክ ነው የሚሠራው። ይመር ፊት ላይ ሲሆን የአባቱን ባርኔጣ የደፋ ሕፃን አስመሰለው። አየሩ በግራም በቀኝም ፉሽ ይላል።

«ማሰሪያውን ሳብ ያድርጉት» አለች ሲስተር ሐያት፣ ግንባሯን ቋጥራ። «ሃያ አንድ ሌሊት፣ በትንሹ አራት አራት ሰዓት። ከዚያ ሉሁ እንደገና ይቆጥርዎትና ወደ ገመድዎ ይመለሳሉ።»

የመጀመሪያው ሌሊት ተዋበች ስትስቅ እንቅልፍ አጥታ አደረች። «ኩምቢ ያለው ባል ሰጠኝ» እያለች። ጠዋት መሣሪያው ሪፖርቱን ተናገረ፤ የተቋረጠ ትንፋሽ አንድ፣ የባከነ አየር እጅግ ብዙ። በሁለተኛውም፣ በሦስተኛውም ሌሊት ያው። የሚያክመው ነገር ያጣ መሣሪያ በትጋት ሲነፋ ያድራል።

ቀን ቀን ይመር ታች ጣቢያው በር ላይ ቆሞ ቲኬት ይቆርጣል። የሚያውቀው ሁሉ ይጠይቀዋል፣ እሱም «ሠላሳ ስምንት» ብሎ ይመልሳል። በስድስተኛው ቀን አንዲት የሰኞ ገበያ ሰፈር ሴትዮ «አይዞህ የኔ ልጅ» ብላ ግንባሩን ሳመችው፤ እሱ ግን በዕድሜ ይበልጣታል። ማታ ማታ ደግሞ ሕመምተኛ ጠያቂው ቤቱን ይሞላዋል። ሁሉም ብርቱካን ይዞ ይመጣል፣ ሁሉም ትክ ብሎ ደረቱን ያያል። ይመር አንድ ጊዜ ሳያስበው ትንፋሹን ዋጥ ቢያደርግ ሦስት ሴቶች ተነሥተው ቆሙ።

በዚህ ሁሉ መሐል ለአቶ አበጋዝ እንዴት እንደሚነግራቸው ያሰላስላል። «ለመሆኑ ትንፋሽዎ እንዴት ነው?» የሚል መልእክት ጽፎ አጠፋው። አንድ ቀን ጨክኖ ደወለላቸው።

«እንቅልፍስ እንዴት ነው፣ አቶ አበጋዝ?»

«እኔ? እንደ ድንጋይ ነው የምተኛው!» አሉት። «ብቻ ቀን ቀን ትንሽ ያንጎላጀኛል። ትናንት ራሴን ከልብሱ ጋር ልሰፋው ነበር። እርጅና ነው፤ ምን ይደረጋል። እኔን ተዉኝና እርስዎ እንዴት ሆኑ? መታመምዎን ሰምቼ እንዴት እንደደነገጥኩ! ቅዳሜ እመጣለሁ።»

ቅዳሜ ለመሣሪያው አሥራ ሁለተኛ ቀኑ ነበር። አቶ አበጋዝ ከምሳ በኋላ የወፍራም አንገታቸውን ቁልፍ እስከ ላይ ቆልፈው፣ አንድ ገንቦ ማር አሸክመው መጡ። የይመር ልጅ ብርቄ እግራቸውን ልትስም ጎንበስ ስትል ከመሬት አነሧት። ከይመር አጠገብ ተቀመጡና እጁን ያዙት።

«አብሽሩ» አሉት። «በሽታ ሰው ላይ እንጂ እንጨት ላይ አይወጣም። በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም ይባል የለ? እርስዎ ደግሞ ሳይሸሽጉ ተናገሩ። ከዚህ የበለጠ ወንድነት የለም። እኔ ብሆን...»

እዚህ ላይ አገጫቸው ደረታቸው ላይ ወደቀ።

ይመር መጀመሪያ የሚያስቡ መስሎት ነበር። ከዚያ ክዳኑ ተንጫጫ። ከዚያ ጭጭ አለ። ደረታቸው ይነሣል፣ ሆዳቸው ይገፋል፣ በአፍንጫቸው ግን ምንም አይገባም። ከንፈራቸው እየጠቆረ መጣ። እጁን እንደያዙት ናቸው፤ ጣቶቻቸው ሲላሉ ተሰማው። ሠላሳ ስምንት እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ግድግዳ ላይ ያየው ቁጥር ነበር። አሁን ግን የልጁ አማት ፊቱ ተቀምጠው አየር ሲያጡ እያየ ነው፤ ፈራ፣ ከልቡ ፈራ።

«አርባ አንድ፣ አርባ ሁለት» ትላለች ተዋበች በሹክሹክታ፤ ትሪውን ይዛ እንደቆመች ነው።

«ህእእ!» አሉ አቶ አበጋዝ ቀና ብለው። «...እኔ ብሆን አልችለውም ነበር። ምን እያልኩ ነበር?»

ሌላ ሳምንት መጠበቅ እንደሌለ ይመር ያኔ ወሰነ። ይሉኝታው ግን አልለቀቀውም፣ ስለዚህ ነገሩን በጓሮ በር አስገባው።

«አቶ አበጋዝ፣ አንድ ነገር ላስቸግርዎ» አለ። «ይኼን መሣሪያ ፈርቼዋለሁ። ፊቴ ላይ ሳስረው ይጨንቀኛል። ሲለብሰው ያየሁት ሰው የለም። እርስዎ ለአምስት ደቂቃ ያህል አድርገው ቢያሳዩኝ እደፍር ነበር።»

«ጠጅ አሳላፊ እንኳ መዳፉ ላይ ቀምሶ አይደል የሚሰጥ» አለች ተዋበች፣ ቶሎ ገብቷት።

አቶ አበጋዝ ፊታቸው በራ። ሰው ሲለምናቸው ደስ የሚላቸው ሰው ናቸው። «ይኼማ ምን ችግር አለው! ለአማቼ ይኼን ያህል ካልሆንኩማ!» ብለው ኮታቸውን አወለቁና በዚያው አልጋ ጋደም አሉ።

ጭምብሉ ፊታቸው ላይ ገጥ ብሎ ተቀመጠ። ፉሽ የሚል ድምፅ አልተሰማም።

«ምን ይመስላል?» አለ ይመር።

«ሐረጎ ላይ መስኮት እንደ መክፈት ነው» አሉ ከጭምብሉ ሥር። «ምንም የሚያስፈራ ነገር የለውም። እንዲህ ነው፤ ዓይንን ጨፈን ማድረግና...»

ዓረፍተ ነገሩን አልጨረሱትም።

አምስት ደቂቃው አለፈ፣ ሰዓቱም አለፈ። ይመርና ተዋበች ወንበር አምጥተው በሩ ላይ ተቀመጡ። የሣጥኑ መስኮት ላይ ግፊቱ ስድስት አለ፤ ዘጠኝ አለ፤ አሥራ ሁለት ላይ ደርሶ ረጋ። ክዳን የለ፣ ጭጭታ የለ። ሰውዬው ይተነፍሳሉ፣ በቃ፤ ያስገባሉ፣ ያስወጣሉ። አሥራ አንድ ሌሊት በከንቱ ሲነፋ የከረመው መሣሪያ ሰውዬውን አገኘው። ይመር ዓይኑን በጋቢው ጠረገ። ተዋበች አይታ እንዳላየች ሆነች።

አቶ አበጋዝ የነቁት በማግሥቱ፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ ነው።

«አምስት ደቂቃው አለቀ?» አሉ።

«ነግቷል» አለ ይመር።

አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው ጭምብሉን ፈቱ። ዓይናቸው ጥርት ብሏል፤ ፊታቸው የሌላ፣ ወጣት የሆነ ሰው ፊት ይመስላል።

«ሕልም አየሁ» አሉ። «ባለቤቴ አረጋሽ ከሞተች ወዲህ ስድስት ዓመት ሕልም አይቼ አላውቅም። ያለ እሷ አልጋው ላይ መውጣት አቅቶኝ ሱቅ ውስጥ ወንበር ላይ ነው የማድረው። ሉሁ የሚቆጥረው ሰው ሲያጣ ያንኑ የድሮ ሦስቴን እየገለበጠ ይጽፋል። ትናንት መጣች። እጅጌው ተንሻፏል፣ ፍታና እንደገና ስፋው እያለች ስትቆጣኝ አደረች። እንዴት ደስ የሚል ቁጣ ነበር!»

ከዚያ አውራ ጣታቸው በጭምብሉ ጠርዝ ላይ፣ የልብስን ስፌት እንደሚፈትሽ ሁሉ፣ ዝግ ብሎ ዞረ። ጭምብሉን አዩት። የይመርን ሸምበቆ ፊት አዩት። እንደገና ጭምብሉን አዩት።

«አርባ ዓመት ሰው ለክቻለሁ» አሉ። «ይኼ የርስዎ ልክ አይደለም።»

ይመር መሬት መሬት አየ።

«በማን ልክ ነው የተሠራው?»

«እንግዳ ነበሩ» አለ ይመር። «ጉሙ ወርዶ፣ እኛም አልጋውን...»

«አሥራ ሁለት ቀን ሙሉ በሕዝብ ፊት ቆመው ሠላሳ ስምንት ነኝ ሲሉ የከረሙት የኔን ነው?» ድምፃቸው ተሰበረ። «እኔም ማር ይዤ መጥቼ አብሽሩ ልበልዎ!» አሉና ሳቁ፤ ሲስቁ እንባቸው ወረደ፤ ይመርም አብሮ ሳቀ፣ አብሮ አለቀሰ። ተዋበች ሁለቱንም «ቁርስ ይቀዘቅዛል» ብላ ገሠጸቻቸው።

ሰኞ ጠዋት አብረው ጽሕፈት ቤት ሲገቡ ሲስተር ሐያት ሪፖርቱን ግድግዳው ላይ አውጥታ ትጠብቃቸው ነበር።

«አቶ ይመር አሥራ አንድ ሌሊት ጤነኛ ነበሩ» አለች። «በአሥራ ሁለተኛው ሌሊት አሥራ ሁለት ግፊት አስፈለጋቸው፣ የሚባክነውም አየር ቆመ። ፊትዎ በአንድ ቀን ሰፋ?» እስክሪብቶዋን ጠረጴዛው ላይ አኑራ ቀጠለች። «መመሪያው አምስተኛ ገጽ ላይ 'እንግዳ ሲያድር ሉሁን ያጥፉ' ይላል። አሥራ አንድ ዓመት ሠርቻለሁ፤ ያጠፋ ሰው አላየሁም። በሰርግ ወር የደሴ ቁጥር ሁሉ ድብልቅልቁ ነው የሚወጣው።»

«ቁጥሩ ወደ ባለቤቱ ይመለስ» አሉ አቶ አበጋዝ። «ኮምቦልቻ አደባባይ ላይም ይለጠፍ። ያውም በትልቁ።»

ተለጠፈ። አቶ አበጋዝ ሽማግሌዎች ፊት ራሳቸው ቀርበው ተናገሩ። ሽማግሌዎቹ ሰባት ቤት መቁጠር ሲጀምሩ ተዋበች ከጓዳ ወጣች። «እኔ ልጄን የምድረው የማይታመም ዘር ፈልጌ አይደለም» አለቻቸው። «ልጆቿን የሚያቅፍ አማት እንዲኖርላት ነው። ይኸው ይተነፍሳሉ፤ ሌላ ምን ትቆጥራላችሁ?» ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ከመካከላቸው ሁለቱ ጫማቸውን ሊያስሩ ጎንበስ አሉ፤ የሰርጉ ቀንም ባለበት ጸና።

ለይመር የቀረው ሉሁ እንደገና እንዲቆጥረው ብቻ ነበር። ሲስተር ሐያት ለሐሙስ ሌሊት ቀጠረችለት። ዓርብ ጠዋት ገመዱ ላይ ነው ብሎ የደንብ ልብሱን አስተኮሰ።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ አቶ አበጋዝ መኪና ጣሪያ ላይ አልጋ ጭነው መጡ። አዲስ አልጋ ነው፤ መሸፈኛውን ራሳቸው ሰፍተውታል፣ ጠርዙ ላይ በወርቃማ ክር «የእንግዳ» የሚል ጠልፈውበታል። «ከእንግዲህ የእንግዳ ቁጥር የእንግዳ ነው!» አሉ፤ ቤቱ በሳቅ ተሞላ። መሣሪያቸውን በትከሻቸው አንግተውታል፤ አሁን ያለ እሱ አይሄዱም። አልጋውን ሳሎን ውስጥ አቁመው፣ በልተው ጠጥተው ሲነሡ ሐረጎ በጉም ተዘጋ።

ተዋበች የታጠበውን ጋቢ ይዛ ሳሎን መሐል ቆመች። አዲሱን አልጋ አየች፣ የመኝታ ቤቱን በር አየች፣ ባሏን አየች።

«አዲስስ አዲስ ነው» አለች ዝቅ ባለ ድምፅ። «ግን ሳሎን ነው ያለው፤ ከበሩ ንፋስ ይገባል። አማቼን ሳሎን ላስተኛቸው?»

የይመር ስልክ በዚህ ጊዜ አልተዘጋም። ጠረጴዛው ላይ ሆኖ «ዛሬ ሌሊት ሉህዎ ይነቃል» የሚለውን መልእክት እያበራ ነው። ይመር ለትንሽ ጊዜ አየው። ከዚያ በፊቱ ደፋው።

ያን ሌሊት ባልና ሚስቱ «የእንግዳ» የሚለውን ጥልፍ ተንተርሰው ተኙ።

ጠዋት ስልኩ ጮኸ። ሲስተር ሐያት ናት፤ ሳቋን አፍና ይዛዋለች።

«ሉሁ አንድ ብሏል፤ ከጎኑ ደግሞ የመሣሪያ ድምፅ አለ፣ አንገቱም ወፍሯል። አቶ ይመር፣ እንዴት አደሩ አልልዎትም። ማን አደረ?»

ይመር በመኝታ ቤቱ በር አጮለቀ። አቶ አበጋዝ እጅጌያቸውን ሰብስበው፣ ለብ ባለ ውሃ ጭምብላቸውን እያጠቡ፣ የሆነ ዜማ ያንጎራጉራሉ።

«አማቼ» አለ ይመር። «በደንብ አደሩ።»